ከድርን ያሳመመው ማን ነው?

ሰው ሲታመም ከመድኃኒቱ በፊት ጥፋተኛ እንፈልጋለን። ልብ ብላችሁ ከሆነ «እግዜር ይማርህ» ብለን ሳንጨርስ «ምን በላህ? የት አመሸህ?» እንላለን። መርማሪ ፖሊስ እንኳ እንዲህ አይቸኩልም።

ጎረቤቴ ከድር ዊንጌት አካባቢ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው። አምና ክረምት ግራ እግሩ ደነዘዘ፤ ቀጥሎ አንድ ዓይኑ ጭጋግ ለበሰ። አንዱ «ብርድ ነው» አለ፣ ሌላው «ዓይነ ጥላ»። እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ ጫማው ጠቦት ነው ብዬ ፈርጄ ነበር። (ዓይኑንስ? አትጠይቁኝ።) ሐኪሞቹ ግን ጭንቅላቱን በኤምአርአይ አንስተው መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው አሉት፤ ሰውነትን ሊጠብቅ የቆመው መከላከያ ዞሮ የነርቮችን ሽፋን የሚያጠቃበት ሕመም። መድኃኒት ጀመረ፤ በከዘራም ቢሆን ሱቁን መክፈት ቻለ።

ሚስቱ ዘይነባ ግን አልተሻላትም። እግሩ በደነዘዘበት ቀን ዋዜማ፣ በዚያ ዶፍ ዝናብ፣ ቁስቋም ሰፈር እህቷ ዘንድ በእግሩ የላከችው እሷ ነበረች። «እኔ ነኝ ያሳመምኩት» የሚለውን ለማንም ሳትተነፍስ ዓመት ሙሉ ተሸክማው ኖራለች። ያወቅነው በኋላ ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት ከድርን ልጠይቅ ሄጄ፣ ዩኒቨርሲቲ ሲስተምስ ባዮሎጂ የምታጠናው ልጃቸው ሀናን መጥታ አገኘኋት። የእሱን ዓይነት ሕመም ከምን እንደሚመጣ የሚፈልገውን ሥራዋን ለአባቷ ታስረዳለች።

«አባዬ፣ አንዱን ነገር ነጥለን አናይም። በዘር የመጣውን፣ የደሙን ሕዋሳት፣ ድሮ የያዘውን ቫይረስ፣ የሚያገኘውን ፀሐይ ሳይቀር አንድ ላይ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብተን ምኑ ከምኑ እንደተያያዘ እንፈልጋለን።»

ዘይነባ ከጓዳ ብቅ አለች። «ዝናብስ?» ብላ ጠየቀች። «በዝናብ የላከው ሰውስ?»

ሀናን ገባት። ተነስታ የእናቷን እጅ ያዘች። «እማዬ፣ ሕመሙ ከዚያ ቀን በፊት የጀመረ ነው፤ ምናልባትም ከዓመታት በፊት። ብዙ ነገር ተገጣጥሞ ነው። እንዴት እንደተገጣጠመ እኛም ገና አልደረስንበትም። አንቺ ግን የለሽበትም።»

ዘይነባ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ሸፍና አለቀሰች። ቆየችና ሳቀች። ከዚያ ቀና ብላ ባሏን አየችው።

«እንግዲያው ከድር፣ ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩህን ሁሉ ስማኝ!»

ያልተሠራው የበር ቁልፍ፣ ሳያማክራት የገዛው ሶፋ፣ ለእናቷ ያልደወለበት ዒድ... አንድም አልረሳችም። እኔ ኮፍያዬን ፈለግሁ።

ከድር ከዘራውን ተደግፎ ወደ ልጁ ጠጋ አለና በሹክሹክታ ለመናት፦

«ሀናንዬ፣ እስቲ ደግመሽ ፈልጊ፤ ትንሽ ጥፋት አይጠፋባትም።»