ኦሳካ ላይ "ይቅደሙ" ያልኩ ቀን

ሰውን ከጉዳዩ የሚያስቀረው ስንፍና ነው ያላችሁ ማነው? ጨዋነት ነው! ሰነፍስ አርፍዶም ቢሆን ይደርሳል። ጨዋ ሰው ግን በር ላይ "ይቅደሙ"፣ "ኧረ እርስዎ ይቅደሙ" ሲባባል በሩ ይዘጋበታል። "ሲግደረደሩ ጦም ይታደራል" የተባለው ስለ ምግብ ብቻ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል።

እኔ የምኖረው እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ቫቭ የሚባል ሰፈር ነው። ጨዋነቴን ከጎንደር ካመጣሁት ነጠላ ጋር አጣጥፌ ቁም ሳጥን ከከተትኩት ቆይቻለሁ። አውቶቡስ ሲመጣ ክርኔ ከእኔ ቀድሞ ይሳፈራል። ሐኪም ቤት ሰው ተሰልፎ ሳለ "ራቅ ሼኤላ!" እላለሁ... አንዲት ጥያቄ ብቻ ማለቴ ነው... ከዚያ ገብቼ የደም ግፊቴን ተለክቼ፣ መድኃኒቴን አስጽፌ እወጣለሁ። (አትታዘቡኝ፤ እናንተም ታደርጉታላችሁ!)

የባለቤቴ አባት፣ አባባ ይስማው፣ ግን በሱዳን በኩል ሲመጡ የነበሩት ሰው ናቸው፤ ቅንጣት አልተለወጡም። አውቶቡስ በር ላይ ቆመው ሰውን ሁሉ ሲያስቀድሙ አውቶቡሱ ጥሏቸው ይሄዳል።

"አባባ፣ እዚህ አገር ይቅደሙ ያለ ይቀራል!"

"ይቅር፤ ምን ቸገረኝ? ሌላ ይመጣል።"

እንግዲህ ልጄ ሺራ፣ እስክስታን ከዘመናዊ ጭፈራ ጋር ከሚያዋህድ ቡድን ጋር ኦሳካ ሄዳ እንድትጨፍር ተጋበዘች። ጃፓን! ባለቤቴ ከሥራው ፈቃድ አላገኘም። "ያንቺ ዓይን የኔም ዓይን ነው፤ አደራ፣ ደህና አድርገሽ እይልኝ" ብሎ አባቱን ከእኔ ጋር ላካቸው። ከአንድ የአገር ጎብኚ ቡድን ጋር ተደባልቀን ሄድን።

ኦሳካ ስንደርስ ባንዲራ የያዘችው አስጎብኚያችን ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችን። አባባ ፊታቸው በራ። እሳቸውም ጎንበስ አሉ። እሷ ደገመች፤ እሳቸውም ደገሙ።

"አሁን ገና የሰው አገር ገባሁ!" አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

እኛ የሰው አገር የምንለው ባዕድ አገርን ነበር። ለእሳቸው ግን ሰው የሚገኝበት አገር ሆነላቸው። ከዚያ በኋላ ከተማ ጎበኘን ብዬ አልዋሻችሁም፤ እጅ ስንነሳ ነው የከረምነው። የወንዙ ጀልባ አመለጠን፤ አባባና አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ መሳፈሪያው ላይ "ይቅደሙ" ሲባባሉ። በማግሥቱ ዝናብ ሆነና አስጎብኚያችን ሲኒማ አስገባችን። ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ አንድ አዛውንት ዘግይተው ገቡ። አባባ በዚያ ጨለማ ውስጥ ብድግ!

"ኖር!"

ሰውየው ደንግጠው እጅ ነሱ። ከአባባ ጎን የተቀመጡት ሰዎች፣ እኚህ ትልቅ ሰው ያለ ምክንያት አልተነሱም ብለው ነው መሰል፣ ብድግ አሉ። ከኋላ ያሉት ስለተጋረዱ ተነሱ።

"አባባ፣ ሲኒማ እኮ ነው!"

"ሲኒማ ቢሆንስ? ትልቅ ሰው ሲገባ ተጎልቼ ልየው?"

ፊልሙ ስለ ምን እንደነበር አትጠይቁኝ።

የሺራ ቀን ደረሰ። ጠዋት ደወለችልኝ።

"ኢማ፣ በቫካሻ፣ እባካችሁ አትዘግዩ! እነዚህ ሰዎች በር ከዘጉ ዘጉ ነው። የኔ ተራ ሁለተኛው ነው፤ አንዴ ነው የምጨፍረው።"

"አታስቢ፤ ክርኔን ይዤ ነው የመጣሁት" አልኳት።

ከሆቴሉ ልንወጣ ስንል ሊፍቱ በር ላይ አንድ ፀጉራቸው የነጣ ጃፓናዊ ቆመዋል። አባባ በእጃቸው ይቅደሙ አሉ። ሰውየው ደግሞ እርስዎ አሉ። ሊፍቱ የአሽዶድ ልጅ ሳይሆን አይቀርም፣ ማንንም ሳይጠብቅ ጥሎን ወረደ። ተመልሶ መጣ።

"ኧረ በሞቴ ይቅደሙ!" አሉ አባባ፣ በአማርኛ።

አሁንም ወረደ! በመጨረሻ ሁለቱንም በክርኔ ጠርጌ አስገባኋቸው።

ቴአትር ቤቱ ስንደርስ የአዳራሹ በር ተዘግቷል። አስተናጋጇ በምልክት አስረዳችን፤ የመጀመሪያው ጭፈራ አልቆ ሲጨበጨብ በሩ ለአፍታ ይከፈታል፣ ያኔ ትገባላችሁ። እኔ በሩ ሥር ተለጠፍኩ፤ አባባ ከኋላዬ። ዞር ስል ኮታቸውን እያስተካከሉ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ፀጉራቸውን በመዳፋቸው ሲያስተኙ አየኋቸው። ለልጅ ልጃቸው! ሆዴ ባባ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ሰው ሲያስቀድሙ የኖሩ ሰው አንድ ቀን ቢቀድሙስ?

ተጨበጨበ። በሩ ተከፈተ።

"አባባ፣ ይቅደሙ" አልኩ፤ እጄን ዘርግቼ፣ ጎንበስ ብዬ።

አሁን ይግደረደራሉ፣ እኔም አንዴ "በሞቴ" እላለሁ ብዬ ነበር። አባባ ሹልክ! አስተናጋጇም አኳኋኔን አይታ እሳቸውን ልሸኝ የመጣሁ መሰልኳት መሰለኝ፤ እጅ ነስታኝ በሩን ዘጋችው።

"ራቅ ሼኤላ!" ብዬ ጮህኩ። ማን ሰምቶኝ!

እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ መድረኩን የምታሳይ ትንሽ ቴሌቪዥን አለች። ሮጥኩ። ከበሮው ተመታ፣ የልጄ ትከሻ ብቅ አለ... ያኔ አስተናጋጆቹ ስህተታቸው ገብቷቸው ይቅርታ ሊጠይቁኝ መጡና ቴሌቪዥኗ ፊት ተሰለፉ። ጎንበስ ሲሉ ሺራን አያለሁ፤ ቀና ሲሉ ትጠፋብኛለች። ደግመው እንዲያጎነብሱ እኔም እጅ ነሳሁ። እነሱም አጸፋውን መለሱ። ግን እኔ ጎንበስ ስል የማየው ምንጣፉን ነው! እውነቱን ልንገራችሁ፣ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሬ የጃፓን ምንጣፍ አይቼ መጣሁ።

አባባ ሲወጡ እሳቸውም ዓይናቸው ረጥቧል።

"አየሻት? አየሻት ያንን ትከሻ?"

"የት አባቴ ልያት! በር ላይ ቀርቼ! ዕድሜዎን ሙሉ ሲግደረደሩ ኖረው፣ ምነው ዛሬ ዝም ብለው ገቡ?"

አባባ ክው አሉ።

"እንዴ! ከኋላዬ አልነበርሽም? እኔማ እንደ ልማድሽ ገፍተሽ ትገቢያለሽ ብዬ... እንዳትረግጪኝ ነው የፈጠንኩት!"