እሳቱ ጠጣ፣ እኛ ሰከርን

በዚህች ከተማ በጠላቱ ስም የሚጠራ ሠራተኛ ቢኖር የእሳት አደጋ ሠራተኛ ብቻ ነው! ሌባ የሚይዘው ሰው ፖሊስ ይባላል እንጂ ሌባ አይባልም። በሽተኛ የሚያክመውም ሐኪም እንጂ በሽታ ተብሎ አያውቅም። እኛ ግን ደወላችንን እያንጫረርን ብቅ ስንል ሰፈሩ በአንድ ድምፅ «እሳት አደጋ መጣ!» ብሎ ይጮኻል። የመጣነው ልናድን ይሁን ልናነድ እንግዲህ እናንተው ፍረዱ።

በደርግ ጊዜ ጉለሌ ውስጥ ስሠራማ ልዩነቱ ለእኔም ይጠፋኝ ነበር። ሥራችን እሳት ማጥፋት እንዳይመስላችሁ! ጧት ሰልፍ፣ ቀጥሎ ውይይት ክበብ፣ ከዚያ መፈክር መስቀል... በሰፈሩ ረጅም መሰላል ያለን እኛ ብቻ ነና! የራስ ቁር የምናደርገው በተራ ነበር፤ ተራው ያልደረሰው በፀጉሩ ይሄዳል። ፀጉር ያለው ማለቴ ነው።

የፖለቲካ ኃላፊያችን ጓድ ጌጡ ስለ እሳት የሚያውቀው ሲጋራ መለኮስ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ጧት ግቢው መሀል ቆሞ፣

«ከበላይ አካል እንግዳ ስለሚመጣ አስፋልቱ በታንከሩ ውኃ ይታጠብ!» አለ።

ሹፌራችን ኤልያስ ጉሮሮውን ጠረገ። ኤልያስ ጴንጤ ነው። በዚያን ጊዜ ጴንጤ መሆን ወህኒ ያስወርድ ስለነበር ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማናችንም አናውቅም... ገብቷችኋል አይደል?

«ጓድ፣ ታንከሩን ጨርሰን እሳት ቢነሳስ?»

«ሰፊው ሕዝብ ነቅቷል፤ እሳት አይነሳም!»

አስፋልቱ ታጠበ፤ እንጀራ ቢዘረጉበት አያሳፍርም። እንግዳው ግን በሌላ መንገድ አለፈ።

ከሰዓት በኋላ ጓድ ጌጡ ስለ ንቃት እያስረዳን፣ ግማሾቻችን እያንቀላፋን፣ ስልኩ ጮኸ። ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ ሲሉ ባለው ሰፈር ማድቤት ተቀጣጥሏል፤ አጠገቡ ባለው ቤት ደግሞ አራስ አለች!

«መጀመሪያ ውይይቱ ይጠቃለል» አለ ጓድ ጌጡ።

«እሳቱ አስተያየት አይቀበልም፣ ጓድ!» ብሎ ኤልያስ ሮጠ። እኛም ተከተልነው።

ባትሪው ሞቷል። በየቀኑ እንደሚሞተው ማለት ነው። ታንከሩን ገፍተን፣ ገፍተን፣ ተንተፋትፎ ተነሳ። ውኃ የምንሞላበት ቧንቧም ከጧት ጀምሮ ደርቆ ስለነበር፣ ሕዝቡ የነቃበት ሰፈር ባዶ ታንከር ይዘን ደረስን። ለወጉ ቱቦውን ዘረጋን፤ እንደ ጉንፋናም ሰው አስነጠሰና ዝም አለ።

«ታዲያ ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» አለን አንድ ጎልማሳ።

«መሰላል።»

«እሰይ! በሉ ወጥታችሁ በቅርብ እዩት!»

ሳቄ ሊመጣ ነበር፤ የአራሷ ጩኸት ከውስጥ ሲሰማ ግን ዋጥኩት። እሳቱ ጣሪያዋን መላስ ጀምሯል፣ በሯም በጭስ ታፍኗል። በዚህ መሀል ጎረቤቷ ባለጠላዋ እማማ ዘነበች ነጠላቸውን አደግድገው ከጓዳቸው ብቅ አሉ። ለማርያም ማኅበር የጠመቁት ጠላ በጋን በጋን ተደርድሯል።

«ምን ያስቆማችኋል? ቅዱ እንጂ!»

«እማማ፣ ይህ እኮ የማኅበር ጠላ ነው...» አልኩ።

«እመቤቴ አራስ እየነደደች ጠላ አማረኝ የምትል መሰለህ? ቅዳ!»

ስምን መልአክ ያወጣዋል እንዲሉ፣ እማማ ዘነበች ዘነቡልን! በባልዲ፣ በጣሳ፣ በማሰሮ እየተቀባበልን ደፋነው። ኤልያስ ብርድ ልብሱን ጋኑ ውስጥ ነክሮ ተከናነበ። በሕይወቱ ጠላ በአፍንጫው እንኳ ያላለፈ ሰው ከአናቱ እስከ እግሩ ጠላ በጠላ ሆኖ፣ «ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ» እያለ ጭሱ ውስጥ ገባ። ጭንቅ ነው... የወጣው አራሷን ደግፎ፣ ሕፃኑን ብብቱ ውስጥ ወትፎ ነው። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እሳቱም ጠላውን ጠጥቶ ጠጥቶ ተኛ።

አምቡላ አምቡላ እየሸተትን ጣቢያ ስንገባ ጓድ ጌጡ በሩ ላይ አነፈነፈን።

«ጠጥታችኋል!»

«እኛ አልጠጣንም፤ የጠጣው እሳቱ ነው» አልኩት።

«ውኃውስ የት ሄዶ ነው በጠላ የሚጠፋው?»

«ውኃውማ ጧት አስፋልቱ ላይ...»

«ዝም በል!»

ነገሩ ወዲያው ገባን። ወይ ታንከሩ ባዶ ነበር፣ ወይ እኛ ሰክረን ነበር። ታንከሩን ያስደፋው ጓድ ጌጡ፣ ፈራጁም ጓድ ጌጡ። ስለዚህ ሰክረን ነበር! ዳኛው ቀማኛ ከሆነ አቤት የሚባለው ለማን ነው?

በማግስቱ የግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። ሁላችንም እየተነሳን «አልጠጣሁም» ብለን ተከራከርን። የኤልያስ ተራ ሲደርስ ላብ አጠመቀው። «መጠጥ አልቀምስም» ቢል ቀጣዩ ጥያቄ «ለምን?» ነው፤ የ«ለምን» መልስ ደግሞ ወህኒ ቤት ነው።

«ሰክሬ ነበር፣ ጓዶች!» አለ በታላቅ ድምፅ። «በጣም ነው የሰከርኩት!»

ጓድ ጌጡ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበ። «ሐቀኛ ጓድ ማለት ይህ ነው! ተማሩ!» እኛ ውሸታሞቹ ዕረፍታችንን ተነጥቀን ተቀጣን፤ ኤልያስ በሐቀኝነቱ ተመሰገነ።

ወሬ ክንፍ አለው። በድብቅ የሚሰበሰቡት የኤልያስ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሰምተው ጠሩት።

«ወንድም ኤልያስ፣ እውነት ሰክረህ ነበር?»

«ኧረ እኔ አልቀመስኩም!»

«ታዲያ በሰው ፊት ሰክሬያለሁ ለምን አልክ?»

መልሱን ሳይጠብቁ በሐሰት ተናጋሪነት ከጌታ እራት አገዱት።

ያቺው አንዲት ቃል ካድሬው ዘንድ ሐቀኛ፣ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ውሸታም አሰኘችው። ወገኖቼ፣ ሳይቀምሱ በሁለት በኩል መንገዳገድ ማለት ይኸው ነው!