አሳራፊው ድንጋይ

አገርህ በምን ይታወቃል ሲሉህ ምን ትላለህ? እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ። የሐይቅ ሰው ደግሞ ስም ለማውጣት ብዙ አይጨነቅም፤ ውሃውን ሐይቅ አለው፣ ከተማውንም ሐይቅ አለው፣ ተገላገለ። እንግዳ ሲመጣ ውሃውን እናሳየዋለን፤ ቀና ብሎ የአምባሰልን ተራራ ያያል፣ ዜማውን ያንጎራጉራል፣ ዓሣውን ይበላል፣ "ታድላችሁ!" ብሎን ይሄዳል። እውነቱን ነው። ግን ወዳጄ፣ ሰው ውሃና ተራራ ስላለው ብቻ አገሩን የሚወድ ይመስልሃል? እኔን ብትጠይቀኝ፣ አገሬን የምወደው በአንድ ድንጋይ ነበር።

አትሳቅ። ከአምባሰል ወደ ሐይቅ ገበያ በሚወርደው መንገድ፣ ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳው ሲጀምር፣ ከወገብ ትንሽ ከፍ የሚል ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። አሳራፊው እንለው ነበር። እንጨት በጀርባህ ተሸክመህ የማታውቅ ከሆነ ነገሩ አይገባህም፤ ላስረዳህ። ሸክምህን መሬት ካወረድከው ብቻህን መልሰህ አታነሳውም፤ "አሸክሙኝ" የምትለው መንገደኛ ያስፈልግሃል። አሳራፊው ላይ ግን ጀርባህን ሰጥተህ ሸክምህን ጣል ታደርጋለህ፣ ትተነፍሳለህ፣ ገመዱን ሳትፈታ ብድግ ትላለህ። እስላሙም ክርስቲያኑም ሲያርፍበት ኖሮ ድንጋዩ እንደ ወፍጮ መጅ ለስልሶ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያገለገለው እትዬ ዘሀራን ነው። ባሏ የሞተባት፣ ልጇ የዘመተባት፣ እንጨት ሸጣ የምታድር ሴት ናት። ብቻዋን ትወርዳለች፣ ብቻዋን ታሳርፋለች። "ወላሂ፣ ይኼ ድንጋይ ባይኖር እኔም የለሁ" ስትል ሰምቻታለሁ።

የአብዮቱ በዓል ሲቃረብ ቀበሌው ስብሰባ ጠራን። አደባባዩ ላይ ቀይ ኮከብ ይቆማል፣ ለመሠረቱ የተጠረበ ድንጋይ ይፈለጋል ተባለ። ጠራቢ ደግሞ የለም። አንዱ ጮሌ ተነስቶ "ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰፊው ሕዝብ በጀርባው የጠረበው ድንጋይ አለ!" አይል መሰለህ! አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ያኔ ጭብጨባ ሐሳብ አልነበረም፣ የእጅ ልማድ ነበር። አሳራፊውን ፈንቅለው በመኪና አመጡት፤ ቀይ ቀለም ቀቡት፣ ኮከቡን ተከሉበት።

በገበያ ቀን እትዬ ዘሀራ ቁልቁለቱን ወርዳ ቦታው ደረሰች። ጉድጓድ! ሸክሟን እንዳታወርድ የሚያሸክማት የለም፤ እንደጎበጠች ከተማ ድረስ ዘለቀች። አደባባዩ ጋ ቀና ስትል አየችው። ቀለም ቢቀባስ፣ ያን ሁሉ ዘመን ያረፈችበት ይጠፋታል? "እሰይ! እዚህ መጣህልኝ!" አለችና ዞራ ሸክሟን ከኮከቡ ሥር ጣል አደረገች።

ወይ ጉድ! አብዮት ጥበቃው ሰይድ እየሮጠ ደረሰ። ቀበሌ ግቢ ወሰዳት፤ ሸክሟ ወርዶ ተፈታ፣ የፀረ አብዮት ወረቀት ተደብቆበት እንደሁ ተበረበረ።

"ማነው የላከሽ?" አሏት ሊቀመንበሩ።

"ሸክሜ ነዋ፣ ልጄ!"

መቼም ከእንጨት በቀር ምንም አልተገኘም፤ ሂጂ ተባለች። እንጨቱን መልሳ አሰረች፣ ቁጢጥ ብላ ገመዱን ትከሻዋ ላይ አስገባች፣ አጥሩ ሥር ለተሰበሰብነው "እስቲ አሸክሙኝ" አለች። በኛ አገር ይህን ቃል የሰማ፣ የተጣላም ቢሆን፣ ሥራውን ጥሎ ይደርሳል። ያን ቀን ግን አንዱ ሌላውን አየ። ቀበሌ የመረመራትን ሴት ማን ይንካ?

"አሸክሙኝ፣ አላህ ይስጣችሁ" አለች ደግማ።

ሁላችንም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልን። በመጨረሻ ሰይድ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ መጣና ከኋላ ብድግ አደረገላት። ከመሃላችን ያልፈራው የታጠቀው ብቻ ነበር።

"አላህ ይስጥህ" አለችው። ወደኛ ዞራ ደግሞ "በሉ ደህና ዋሉ" ብላ ሄደች። ብትሰድበን በስንት ጣዕሙ! ከዚያ ወዲያ ገበያ ላይ አላየኋትም። ከላይ የሚወርዱትን ስጠይቅ "መውረድ አቃታት" አሉኝ፤ ምን በልታ እንደምታድር እሱ ይወቅ። አንጀቴ አረረ፤ የኔ አንጀት ማረር ግን አንድ እንጨት አያነሳላትም።

ኮከቡም ቀን ደርሶበት ወደቀ፤ ድንጋዩን ወደ ቁልቁለቱ የመለሰው ግን የለም። እንግዳ ዛሬም ይመጣል፣ አገራችሁ በምን ይታወቃል ይለኛል፣ ውሃውን አሳየዋለሁ። ሐይቁ እስካሁን አለ። ለሐውልት መሠረት ስለማይሆን ይመስለኛል።