ከሾፌሩ ወንበር ሥር የተገኘው ሳጥን

ፈረንጅ ሥራ ሲፈታ ምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? እኛ ሥራ ስንፈታ ሰው እናማለን። ወጪ የለውም፣ ዕቃም አያስፈልገውም። ፈረንጅ ግን ሳጥን ይደብቃል።

የምሬን ነው። ደብረ ማርቆስ ጂኦግራፊ ሳስተምር እኛ ትምህርት ቤት አንድ በጎ ፈቃደኛ ፈረንጅ ነበር። ደግ ሰው ነው፣ ሽሮ ይወዳል፣ ማንንም አያስቀይምም። ኪሱ ውስጥ ሞባይል የምታክል መሣሪያ አለች፤ ከሳተላይት ጋር ተነጋግራ የቆማችሁበትን ቦታ በቁጥር የምትናገር። ቅዳሜ ሲሆን ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ይይዝና ሰው ልብ የማይለው ቦታ ሄዶ ይደብቃል። የቦታውን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ይጽፋል። ሌላ ፈረንጅ ቁጥሩን አይቶ ይመጣና ፈልጎ ያገኘዋል። ካገኘው በኋላስ? ስሙን ጽፎ መልሶ ይደብቀዋል። በቃ፣ ጨዋታው ይኸው ነው።

ይህ ሰውዬ ደግሞ ነፍሱ የምትወደው የወደቀ ነገር ነው። የተቃጠለ ታንክ፣ የተገለበጠ ከባድ መኪና። ለምን ብለው፣ ታሪክ ያለው ቦታ ነው፣ መሬቱም የመንግሥት ስለሆነ የሚቆጣ ባለቤት የለውም አለኝ። እሱ አገር እንግዲህ እንደዚያ ይሆናል። እኛ አገር የወደቀ መኪና እናት አለው። ይህን ልነግረው አስቤ ነበር፣ እንግሊዝኛዬ አልደረሰልኝም።

ከአማኑኤል ወጣ ብሎ፣ መንገዱ ገደሉ አፍ ላይ የሚጠመዘዝበት ቦታ፣ አንድ የአውቶቡስ ቀፎ ነበር። ገበያተኛ ጭኖ ሲመለስ ገደል የገባ ነው። ከሞቱት የሚበዙት የዚያው አካባቢ ሰዎች ናቸው። ሬሳው ተነሣ፣ ተለቀሰ፣ ከዚያ የአውቶቡሱ ተራ ደረሰ። ጎማው ጫማ ሆነ። ቆርቆሮው የዶሮ ቤት ሆነ። ወንበሮቹ አንድ ጠላ ቤት ገቡ፤ እኔም ተቀምጬባቸዋለሁ፣ ምቹ ናቸው። ማን ተቀምጦባቸው እንደነበር ላለማሰብ ቶሎ ቶሎ እጠጣለሁ።

ፈረንጁ አንዱን ሳጥን እዚያ ቀፎ ውስጥ ደበቀው። አብሬው ነበርኩ። የሾፌሩ ወንበር ከነበረበት ሥር አስገብቶ ድንጋይ ጫነበት። ሳጥኑ ውስጥ የአገሩ ሳንቲም፣ እርሳስ፣ ስም የሚጻፍበት ወረቀትና ሰው የምትመስል ትንሽዬ አሻንጉሊት ነበረች። አሻንጉሊቷ ላገኘው ሰው ስጦታ ናት አለኝ። ከወር በኋላ ኮንትራቱ አልቆ አገሩ ገባ።

አሁን ስለ ሾፌሩ እናት ልንገራችሁ። እትዬ ይታይሽ ይባላሉ። ልጃቸው ስመኘው እዚያው መሪው ላይ ነው የሞተው። እንቅልፍ ጥሎት ነው የፈጃቸው ተብሎ ተወራ። ሰው እትዬ ይታይሽን አልሰደባቸውም፤ ያገሬ ሰው ጨዋ ነው። ሰላም ማለት ብቻ ተወ። ቤተ ክርስቲያን ሲቆሙ አጠገባቸው ያለው ቦታ ይሰፋል። የማርያም ማኅበርተኛ ናቸው፤ ከማኅበሩም ማንም አላስወጣቸውም፣ ያማ ነውር ነው። በዓመቱ ተራቸው ሲደርስ ዳቦ ጋገሩ፣ ጠላ ጠመቁ፣ ሣር ጎዘጎዙ። አንድ ማኅበርተኛ አልመጣም። ቄሱ ብቻ ገብተው ዳቦውን ባረኩና ራሴን አሞኛል ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲያ እትዬ ይታይሽ ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት አንድ ነገር ሆነ፤ ያ ማኅበር አንድ ቀን እሳቸው ቤት ገብቶ እንዲጠጣ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ተራቸው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ከቀፎው የተረፈ ብረት ሊፈታ የገባ ሰው ሳጥኑን አገኘ። እስቲ ራሳችሁን በእሱ ቦታ አድርጉት። የሰው ምስል፣ የማይነበብ ጽሕፈት፣ የባዕድ ገንዘብ፣ በፕላስተር ታሽጎ፣ ልክ ከሾፌሩ ወንበር ሥር። ይህ መተት ካልሆነ ምን መተት ሊባል ነው? በአንድ ቀን አገሩ ሁሉ ተስማማ። ስመኘው አልተኛም፣ መተት ተቀብሮበት ነው።

መተት ካለ መተተኛ ያስፈልጋል። እሱም ቅርብ ተገኘ። ከገደሉ ማዶ ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ኅሩይ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ማስረጃው ምንድን ነው? ብዙ ያውቃሉ። ደግሞ ያ አውቶቡስ አንድ ጊዜ እጅ ቢያሳዩት አልቆመላቸውም። በዚህማ ከሆነ እኔንም መተተኛ ይበሉኝ፤ ለእኔስ የትኛው አውቶቡስ ቆሞልኝ ያውቃል?

ወሬው ሲደርሰኝ ሚኒባስ ይዤ መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው። ያገኘው ሰው ምን ይጠቀማል አሉኝ። ስሙን ይጽፋል አልኳቸው። ከዚያስ? መልሶ ይደብቀዋል። ለዚህ ብሎ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል? ይመጣል። ትንሽ አሰቡና፣ "ልጄ፣ ይህን ለሰው አትንገር። መተት ይሻላል፤ እሱስ ምክንያት አለው" አሉኝ።

የማርያም ዕለት እትዬ ይታይሽ ቤት ሄድኩ። ጢም ብሎ ሞልቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊታቸውን ያዞሩባቸው ሴቶች አንገታቸውን አቅፈው ይስሟቸዋል፣ ይቅር በይን ይሏቸዋል። እትዬ ይታይሽ እንስራውን ለማንም አልሰጥም ብለው ራሳቸው እየዞሩ ይቀዳሉ።

ጽዋው ከዞረ በኋላ ስለ መሪጌታ ተነሣ። ሽማግሌዎቹ አገር ይልቀቅልን አሉ። ጎረምሶቹ የለም፣ ቤቱን ከነራሱ ማቃጠል ነው፣ ያውም አሁኑኑ አሉ። ተነሥቼ ስለ ፈረንጁና ስለ ሳጥኑ ተናገርኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ አንዱ፣ መሪጌታ ለአንተስ ምን ሰጠህ አለኝ፣ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ጎረምሶቹ ዱላቸውን አነሡ።

እትዬ ይታይሽ እንስራውን መሬት አስቀመጡና በሩ ላይ ቆሙ።

"ቁጭ በሉ። ሳጥኑን አይቼዋለሁ፣ ገና አዲስ ነው። ልጄ ከሞተ ሁለት ክረምት አልፏል። ፊደል ባልቆጥርም ይህ አይጠፋኝም" አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "ስመኘው ሁለት ሌሊት አልተኛም ነበር። ቁርስ ሲበላ ጉርሻውን እንደያዘ አሸለበ። ሥራህ እንዳይቀር ብዬ ቀስቅሼ የላክሁት እኔ ነኝ። መሪጌታን ተዉአቸው።"

ሰዉ ጽዋውን አስቀመጠ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እግዜር ይስጥልን እያሉ አንድ በአንድ ወጡ። የመሪጌታን ቤት የነካው የለም።

እኔ እንግዲህ አስተማሪ ነኝ፤ ከሁሉም ነገር ትምህርት ካላወጣሁ አይሆንልኝም። ክፍል ገብቼ፣ አንዲት እናት እውነቱን ተናግራ ሰው አዳነች፣ የዕድሜ ልክ ወዳጅም አተረፈች እያልኩ ዓመቱን ሙሉ ተማሪዎቼን አደነቆርኳቸው።

ዓመት ዞሮ የእትዬ ይታይሽ ተራ ሲደርስ ሄድኩ። ሣሩ ተጎዝጉዟል፣ ዳቦው ተቀምጧል፣ ሰው የለም። ሁለታችን ተቀምጠን በሩን እናያለን። ሌላው ቢቀር መሪጌታ ሳይመጡ አይቀሩም አልኳቸው፤ እንዲያውም ቤታቸውን ያተረፉላቸው እርስዎ ነዎት።

እትዬ ይታይሽ ቀና ብለው አዩኝ።

"ከሩቅ አገር የመጣ፣ ለመምህርነት ያደረሱት ተማሪ ነበራቸው። ያን ቀን ከስመኘው ኋላ ተቀምጦ አብሮት ሞተ። እኔ በአፌ እስከተናገርሁበት ቀን ድረስ ተኝቶ ነው የሚለውን ወሬ አያምኑም ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰላም የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ" አሉኝ።

ከዚያ እንስራውን አንሥተው ጽዋዬን እስከ አፉ ሞሉልኝ። "በል ጠጣ፣ ብዙ ነው።"