የሜዳ አህያና የቤት አህያ

ስለ ሩጫችን ብዙ ተብሏል። አንዱ አየሩ ነው ይላል፣ አንዱ ምግቡ ነው ይላል። ሱሉልታ ብትሄዱ ጎህ ሲቀድ ቱታ ለብሰው የሚወረወሩ ወጣቶች ታያላችሁ፤ አሠልጣኝ አላቸው፣ ሰዓት የሚይዝላቸው አለ፣ የሚበሉት እንኳ ተመርጦ ነው አሉ። እኔ የምኖረው ቡራዩ ነው። እኛን የሚያሠለጥነን አስፋልቱ ነው። ዘንቢል ያንጠለጠለች እናት፣ ከረባት ያሰረ የቢሮ ሠራተኛ፣ ተረከዘ ረጅም ጫማ ያደረገች የሙሽራ ሚዜ፣ ሁሉም መንገድ ዳር ቆመው ግራ ቀኝ ያያሉ፤ ከዚያ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ይፈተለካሉ። ማዶ ሲደርሱ ደግሞ እርስ በርስ ተያይተው ይስቃሉ። ምኑ እንደሚያስቅ ጠይቄ የመለሰልኝ የለም። በሕይወት መገኘት ራሱ ያስቃል መሰለኝ።

ታዛቢ የሆንኩት ወድጄ አይደለም። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቄ በሩ የሚከፈተው ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ ዓይኔን የማሳርፍበት ሌላ ነገር የለኝም። በዚያ ላይ ብስክሌት እነዳለሁ። በዚህ ዕድሜ? ትሉኝ ይሆናል። ሐኪም ነው ያዘዘልኝ፤ ለልብህ ጥሩ ነው ብሎ። ሐኪሙ ቡራዩን አያውቃትም። የመንገዱ ዳር ላይ አሸዋ ተደፍቷል፣ ከአሸዋው ቀጥሎ ባጃጆች ተራ ይጠብቃሉ፣ ከባጃጆቹ ቀጥሎ ያለው መሀል አስፋልት ነው። ለልቤ ብዬ ወጥቼ ልቤን በእጄ ይዤ እመለሳለሁ።

መሻገሪያ የለንም እንዳልል ዜብራ አለን። የተቀባ ሰሞን ሰው ሁሉ እየረገጠ አየው፣ መኪናውም እየረገጠ አለፈ። አሁን ከመደብዘዙ የተነሣ ከተቀደደ ጆንያ ዱቄት የፈሰሰበት ይመስላል።

ነገሬ ግን ስለ እትዬ ወርቄ ነው። እትዬ ወርቄ ከሱቄ ጀርባ ያሉ ጎረቤቴ ናቸው፤ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ቤታቸውን ያቆመችው ማዶ፣ ታክሲ መውረጃው አጠገብ ያለችው የሽንኩርትና የቲማቲም ጉሊታቸው ናት። ባለፈው ክረምት ጭቃ አንሸራተታቸውና ጉልበታቸው ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ ይራመዳሉ፣ መሮጥ ግን አይሆንላቸውም። መሮጥ የማይችል ሰው ደግሞ በኛ ሰፈር አይሻገርም። ጠዋት ጠዋት ዘንቢላቸውን ይዘው ከሱቄ በር ላይ ይቆማሉ፤ መንገዱ ይከፈታል ብለው ይጠብቃሉ። አረንጓዴ ይዘውት የወጡት ቲማቲም እዚያው ቆመው ይቀላባቸው ነበር ብል ማጋነኔን ይቅር በሉኝ። ደንበኛ ግን አይጠብቅም፤ ከሌላው ገዝቶ ይሄዳል። «እንግዲህ ጉሊቷም ልትዘጋ ነው» አሉኝ።

አንድ ቀን ታዲያ ቀና ስል እትዬ ወርቄ መሀል አስፋልት ላይ ናቸው። አልሮጡም። ሚኒባሱ ቆሟል፣ ድንጋይ የጫነው ሲኖ ቆሟል፣ መስታወቱ የጠቆረው የባለ ጊዜ መኪና ሳይቀር ቆሟል። ከጎናቸው የኦቦ ገመቹ አህያ አለ። ኦቦ ገመቹ የሰፈሩን እህል ማዶ ወዳለው ወፍጮ ቤት የሚያመላልሱ አዛውንት ናቸው። እትዬ ወርቄ የጭነቱን ጫፍ ጨብጠው ከአህያው እኩል ይራመዳሉ፤ ኦቦ ገመቹ ከኋላ «ሱታ፣ ሱታ» ይላሉ፣ ቀስ፣ ቀስ ማለታቸው ነው። ለአህያው ይበሉት ለእትዬ ወርቄ አልለየሁም። ሁለቱም ታዘዙ።

ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም። ለሰው ያልቆመ መኪና ለአህያ ለምን ይቆማል? ጥያቄው እንደ ትንኝ ጆሮዬ ላይ አረፈ። ጎረቤቴ ባለ ጨርቅ ሱቁ «አፍ የሌለውን እንስሳ መግጨት ግፍ ስለሆነ ነው» አለኝ። ደስ የሚል መልስ ነው፤ ግን ውሾቻችንን ሳስታውስ አልተዋጠልኝም። በመጨረሻ መንጃ ፈቃዱን ኮፒ ሊያስደርግ የመጣውን ደረጀን፣ የሚኒባስ ሹፌሩን፣ ያዝኩት።

«ምን ያስገርማል?» አለ። «ሰው ጥሩምባ ስትነፋለት ይሮጣል። ስለዚህ ትነፋለታለህ። አህያ ብትነፋለት ቆሞ ያይሃል። እሱ ካልሮጠ እኔ መቆሜ ነው እንጂ ምን አባቴ አደርጋለሁ?»

ለካ ፍሬን አጥተው አይደለም የማይቆሙት። ሩጫችንን ተማምነው ነው።

ይህንን ለኦቦ ገመቹ ልነግራቸው ስሄድ አስፋልቱን እያሳዩ ቀድመው እሳቸው ጠየቁኝ።

«ይሄ ነጩ፣ ዜብራ የምትሉት፣ ምን ማለት ነው?»

«የሜዳ አህያ ማለት ነው፣ ኦቦ።»

«ሀሬ?»

«አዎ፣ ሀሬ፤ አህያ። የዱሩ፣ ባለ መስመሩ።»

መሬቱን አዩ፣ ከዚያ አህያቸውን አዩ። «ታዲያ ይሄኛው ምን ጎድሎት ነው ሌላ የሳላችሁት?» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ በአህያ መሻገር ለመደ። ተማሪው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ እኔም ብስክሌቴን እየገፋሁ፣ «አህያው አለፈ ወይ?» እየተባባልን እንሰበሰባለን። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ። ከሲኖ ግን ያስጥላል።

ደግ ነገር መቼ ይበረክታል። አንድ ጠዋት ድምፅ ማጉያ የተሰቀለበት መኪና በመንገዱ ሲመላለስ ዋለ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም። ለእግረኛው ደኅንነት ሲባል፣ ከዛሬ ጀምሮ የጋማ ከብት ዋናውን አስፋልት እንዳይረግጥ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባል ነበር፤ አሁን መኪናውን ፈርቶ አህያውን ሆነ። ኦቦ ገመቹ ሕግ አክባሪ ናቸው፤ ከመንገዱ በኛው በኩል ካለ ሌላ ወፍጮ ቤት ጋር ተስማሙ። እትዬ ወርቄ ቤታቸው ዋሉ። በማግስቱም ዋሉ። ቲማቲሙ ሊበላሽ ሲል ለጎረቤት አደሉት።

ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ ግን ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ከሱቄ በር ቆሙ።

«አህያው እዚህ ጋ ሲደርስ ምን ነበር የሚያደርገው?» አሉኝ።

«ምንም። ይራመዳል።»

«በቃ ብስክሌትህን አምጣና ከጎኔ ሁን።»

ዘንቢሉን ብስክሌቱ ላይ ጫንን። እጃቸውን ኮርቻው ላይ አሳረፉና ወደ አስፋልቱ ወረድን። አንድ ሲኖ ከላይ ቁልቁል እየመጣ ነው፤ ጥሩምባውን ለቀቀው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እግሬ ለብቻው መሮጥ ጀምሮ ነበር፤ የያዘኝ እሳቸው ኮርቻውን አጥብቀው መያዛቸው ነው። እትዬ ወርቄ አልፈጠኑም። ዞር ብለው ሹፌሩን ቀጥ ብለው አዩት፣ ያ አህያ እንደሚያየው። ጎማው እየጮኸ፣ አቧራው እየተነሣ፣ ሲኖው ከኛ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆመ። ከኋላው ያለውም ቆመ። 

ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። የሚመርጠው ስድብ ሞልቶት ሳለ አንዷን መረጠ።

«አህያ» አለ።

እትዬ ወርቄ ፊታቸው በራ። «ማንን ነው?» አሉኝ።

«ሁለታችንንም መሰለኝ።»

«እንግዲያው አትሩጥ» አሉኝ።