የሁለተኛ «ሀ» ዕረፍት

ዕረፍት ማለት አንድ ሰው ሲሠራው የቆየውን ነገር ለጊዜው ወይም ለዘለቄታው የሚተውበት ሁኔታ ነው። ለጊዜው ሲሆን ሻይ ይጠጣበታል፤ ለዘለቄታው ሲሆን ድንኳን ይተከልበታል። የመንግሥት ሠራተኛ ዕረፍት በማመልከቻ ይጠየቃል፣ በደብዳቤ ይፈቀዳል። የታላላቅ ሰዎች ዕረፍት ግን ማመልከቻም ደብዳቤም አይፈልግም፤ «ዐረፉ» ይባላል፣ እኛም ጋቢያችንን ደርበን ለቅሶ እንደርሳለን። ቃሉ በሻይና በድንኳን መካከል ያለውን ሰፊ ሜዳ ብቻውን ይዞታል ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አማርኛ ሳስተምር ይህን ቃል የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

አላውቀውም ነበር።

በትምህርት ቤት፣ ትርጉሙን ከልጆች ከጠየቃችሁ፣ ዕረፍት ማለት ሩጫ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ዘበኛችን ጋሽ ወልዴ አቮካዶው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን አሮጌ የመኪና ቸርኬ በብረት ሦስት ጊዜ ይመታሉ። ሦስተኛውን ምት የሚሰማ ልጅ የለም። በሁለተኛው ሁሉም ሜዳ ላይ ናቸው። ከዚያ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ሲራወጡ፣ ሲገፋፉ፣ ጭቃ ላይ ሲንሸራተቱ ይቆዩና ቀን ሙሉ ቡና ሲለቅሙ እንደዋሉ ዝለው ይመለሳሉ። ይህ ነው ዕረፍት የሚባለው።

ትምህርት ቤታችን ከሚዛን ወደ አማን ሲወረድ ከመንገዱ ቀኝ ተዳፋቱ ላይ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የእኛን አገር ዝናብ የምታውቁ ሰዎች የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር መዝለል ትችላላችሁ፦ ሲጀምር መምህሩ ዓረፍተ ነገሩን መሃል ላይ ይተወዋል፣ ሲያባራ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ተማሪዎቹም እንደዚያው አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁታል። ስለ ዝምታ ከማንም በላይ ልናውቅ የሚገባን ሰዎች ነበርን።

መምህርት ታሪኳ ከሸኮ ተዛውራ ወደ እኛ የመጣችው አምና ነው። በመምህራን ኮሌጅ የተማረችው ሙዚቃ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት ያስተማረችው ግን ስፖርት፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ሒሳብና አንድ ሰሞን ደግሞ መምህሩ ታሞ እንግሊዝኛ ነው። ሙዚቃ አንድ ቀን አላስተማረችም። በመርሐ ግብሩ ላይ «የክወናና የእይታ ጥበባት» የሚባል ክፍለ ጊዜ አለ፤ እናንተም ልጆቻችሁን ብትጠይቁ በዚህ ክፍለ ጊዜ ያልተጠናቀቀ የሒሳብ የቤት ሥራ እንደሚሠራበት ይነግሯችኋል። ታሪኳ ግን ዲሬክተራችንን አቶ ተሰማን ለምና፣ ደጅ ጠንታ፣ በሳምንት አንዲት ክፍለ ጊዜ ከሁለተኛ «ሀ» ጋር አስፈቀደች። ፈቃዱን ያገኘች ዕለት መምህራን ክፍል ገብታ «ጋሼ፣ አገኘሁ!» ስትለኝ ቤት በዕጣ የደረሳት መስሎኝ ነበር።

መሣሪያ የለም። ስለዚህ ባዶ ጀሪካን ተገልብጦ ከበሮ ሆነ፤ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ጀንፈል፣ ማለት ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና፣ ተጨመረና ጸናጽል ሆነ። ጀንፈል እኛ ዘንድ የማይገኝበት ቤት የለም። ሁለት ሳምንት ሁሉም ነገር ደህና ሄደ። ልጆቹ መምታት ቻሉ። ያልቻሉት መተው ነው። ስልሳ ልጅ ጀንፈሉን አንዴ መነቅነቅ ከጀመረ የሚያስቆመው ዝናብ ብቻ ሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ መምህርት ታሪኳ በሙዚቃ ውስጥ የማይመታበት ጊዜ እንዳለ፣ ያም ጊዜ እንደሚመታው ሁሉ የሚቆጠር መሆኑን አስረዳች። ስሙን በመጽሐፉ እንዳለው በትልልቁ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ ዕረፍት። ከዚያም ወደ ልጆቹ ዞራ፣ «እሺ፣ አሁን ዕረፍት ነው» አለች።

ክፍሉ ውስጥ የቀረችው እሷና ጀሪካኑ ናቸው።

ሁለተኛ «ለ» በመስኮት አይተው ተከተሉ። ሦስተኛ ክፍሎች ሁለተኛ ክፍል ወጥቶ እነሱ የሚቀሩበት ምክንያት አልታያቸውም። እኔ አምስተኛ ክፍል ስለ ተውላጠ ስም እያስረዳሁ ነበር።

«ቲቸር፣ ተደወለ» አለኝ አንዱ፣ አንገቱን ወደ መስኮቱ አስግጎ።

«አልተደወለም!» አልኩት በቁጣ።

በዚህ ጊዜ ተደወለ።

ጋሽ ወልዴ በኋላ እንዳስረዱት በሩ አጠገብ ትንሽ አሸልቧቸው ነበር። ጫጫታ ሰምተው ዓይናቸውን ሲገልጡ ሜዳው በልጅ ተሞልቷል። ሰዓት አልፎብኛል ብለው ደነገጡና ቸርኬውን አንድ ስድስት ጊዜ መቱት፤ ላረፈደ ደወል ካሳ መሆኑ ነው። እንዲህ ሆኖ ትምህርት ቤቱ በሙሉ በአንድ ቃል ተበተነ። መልሶ ለመሰብሰብ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ፈጀ። አራት ሰዓት ላይ ትክክለኛው ደወል ሲደወል ደግሞ፣ ማታለያ ነው ብለው ያልወጡ ክፍሎች ነበሩ።

አቶ ተሰማ ክፉ ሰው አይደሉም። ንግግር ይወዳሉ እንጂ። ታሪኳን ቢሮ አስጠርተው፣ እኔንም የቋንቋ ባለሙያ ነው ብለው አስቀምጠው፣ ረጅም ንግግር አደረጉ።

«ቃሉ ከመጽሐፉ ነው የወጣው፣ አቶ ተሰማ» አለች ታሪኳ፣ ሲጨርሱ።

«መጽሐፉ እኔ ቢሮ መጥቶ አይጠይቀኝም። የወረዳዋ ሱፐርቫይዘር ግን ሐሙስ ሳምንት ትመጣለች» አሉ። «ምንም አለመምታት ትምህርት መሆኑን ለእሷና ለወመህ አሳዪ። ካልሆነ ክፍለ ጊዜዋ ወደ ሒሳብ ትመለሳለች።»

ወመህ የወላጅ መምህር ኅብረት ነው። ወላጆች ስሙ ስለሚረዝምባቸው አሳጥረውታል፤ ስብሰባውን ግን ማሳጠር አልቻሉም።

ታሪኳ ከቢሮው ስትወጣ አላለቀሰችም። እስክሪብቶዋን ብቻ ስትከፍትና ስትዘጋ ቆየች። «ጋሼ፣ አምስት ዓመት ጠብቄያት በሦስት ሳምንት ልትሄድብኝ ነው» አለችኝ። «እርስዎ የአማርኛ መምህር ነዎት። ሌላ ቃል ይፈልጉልኝ።»

እንዴት እንደኮራሁ አልደብቃችሁም። እቤት ገብቼ መዝገበ ቃላቴን አቧራውን አራገፍኩና በማግስቱ ጠዋት «ዝምታ» የሚል ቃል ይዤላት መጣሁ። በትርፍ ሰዓት ሞከረችው። «ዝምታ!» ስትል ስልሳ ልጅ ግንባሩን ዴስኩ ላይ ደፋ። ለካ አንደኛ ክፍል እያሉ ሲረብሹ የሚቀጡት እንደዚህ ነው። ሁለቱን እውነትም እንቅልፍ ወሰዳቸው። ቀጥሎ «ፋታ» አልኳት። ሁለት ሦስት ልጆች ተነጋገሩና አንዷ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ፋንታ ለሁላችንም ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ለስላሳ የሚታደል መስሏቸው ነው። በዚህ ጊዜ ተናድጄ፣ በቃ ቀላሉን ተጠቀሚ፣ «ቁሙ» በያቸው አልኳት። «ቁሙ!» አለች። ሁሉም ከመቀመጫቸው ብድግ አሉና በአንድ ድምፅ «እንደምን አደሩ መምህር!» አሏት።

መዝገበ ቃላቴን መልሼ አቧራው ላይ አስቀመጥኩት።

መፍትሔው የመጣው አማርኛን ከሁላችንም ዘግይተው ከተማሩት ሰው ነው። አቶ በቀለ የወመህ ሰብሳቢ ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ቡና አላቸው። አፋቸውን በቤንችኛ ፈተው፣ አማርኛን ጎልምሰው ገበያ ላይ ነው ያገኙት። «እርስዎ» የሚባለው ነገር እዚያ ገበያ ላይ አልነበረም መሰል፣ ሁሉን ሰው አንተና አንቺ ይላሉ፤ የሚቀየማቸውም የለም። የዚያን ቀን ስለ አጥር ሊነጋገሩ መጥተው መምህራን ክፍል ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። ጭቅጭቃችንን ሰሙ።

«እናንተ ምንድን ነው የጠፋባችሁ?» አሉ።

ነገርናቸው።

«እኔ ልጅ ሆኜ የቀርከሃ ዋሽንት እንነፋ ነበር» አሉ። «ብዙ ሆነን ነው። የኔ ቀርከሃ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ያንተ ሌላ አንድ። እኔ እፍ እልና ዝም፤ አንተ እፍ ትልና ዝም። ሳይደርስህ ከነፋህ ዘፈኑን ገደልከው፤ ሽማግሌው በአርጩሜ እግርህን ነው።»

«ታዲያ አባባ፣ ተራዎ እስኪደርስ ያለውን ምን ነበር የምትሉት?» አለች ታሪኳ።

አቶ በቀለ ግራ ገባቸው። «ምን እንለዋለን? ሌላው እየነፋ አይደለም እንዴ? እንሰማለና!»

ታሪኳ ወደ እኔ ዞር አለች። እኔ ሻዬን አየሁ።

ሐሙስ ደረሰ። ከሌሊት ጀምሮ ሲጥል የነበረው ዝናብ ሦስት ሰዓት ላይ አባራ። ሱፐርቫይዘሯ ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ ኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጠች፤ ትንሽ ስለሆነባት ጉልበቷን ወደ ጎን አድርጋ። አቶ በቀለ ከጎኗ፣ አቶ ተሰማ የንግግራቸውን ወረቀት በኪሳቸው ይዘው ከፊታቸው፣ እኔ በሩ ላይ። ዘፈኑን ያወጣችው ታሪኳ ራሷ ናት፤ ሁለት መስመር ነው፦

ዝናብ መጣ ከወደ ሸኮ፣
ጃንጥላዬን ረሳሁት እኮ!

ይዘፈናል፣ ጀሪካኑ ይመታል፣ ጀንፈሉ ይነቀነቃል። ከዚያ ታሪኳ መዳፏን ጆሮዋ ላይ ታደርግና «ስሙ» ትላለች። ስልሳ መዳፍ ስልሳ ጆሮ ላይ ይሄዳል። በልባቸው እስከ ስምንት ይቆጥራሉ። ከዚያ እንደገና።

የመጀመሪያው «ስሙ» ሲደርስ ክፍሉ ጸጥ አለ። ሱፐርቫይዘሯ ስትጽፍ የእስክሪብቶዋ ድምፅ ተሰማ፤ እሷም ሰማችውና አቆመች። አቶ ተሰማ ግን ያለቀ መስሏቸው አጨበጨቡና ተነሡ። ወረቀታቸውን ዘረጉ።

«እንግዲህ ክቡራን እንግዶቻችን፣ ከላይ እንደተመለከትነው...»

«ዝናብ መጣ ከወደ ሸኮ!» አለ ክፍሉ በሙሉ።

ተቀመጡ። ሁለተኛው «ስሙ» መጣ። አሁንስ አለቀ ብለው ተነሡ። «ከላይ እንደተመለከትነው...»

«ዝናብ መጣ ከወደ ሸኮ!»

በሦስተኛው ሊነሡ ሲሉ አቶ በቀለ ከኋላ ኮታቸውን ያዝ አደረጓቸው።

«ተሰማ፣ ቁጭ በል» አሉ ዝግ ብለው። «ተራህ አይደለም።»

አቶ ተሰማ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቼ ሳያቸው፣ ወረቀቱ ጉልበታቸው ላይ ሆኖ በጣታቸው እስከ ስምንት ይቆጥራሉ።

የመጨረሻው ዝምታ ረዘም ያለ ነበር። ከጣሪያው ጠርዝ የቀረው ውሃ ጠብ ሲል ሰማሁ። ዳገቱን የሚወጣ ባጃጅ ሰማሁ። እውነት ለመናገር፣ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ትምህርት ቤት በሥራ ሰዓት ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ ከግድግዳው ወዲያ፣ ከአራተኛ ክፍል፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ፣ ጥርት ያለ የኅብረት ድምፅ መጣ፦

«ሰባት ጊዜ ስምንት፣ ሃምሳ አራት!»

«ጎበዞች!» አለ መምህሩ።

አቶ ተሰማ መቁጠራቸውን አቆሙ። ሱፐርቫይዘሯ እስክሪብቶዋን አንስታ ጻፈች። ልጆቹ ብቻ መዳፋቸው ጆሯቸው ላይ እንዳለ ስምንት ሞላላቸውና ስለ ጃንጥላው ቀጠሉ።

ሰኞ ዕለት አዲሱ የክፍለ ጊዜ ድልድል ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ታሪኳ ማየት ፈርታ እኔን ላከችኝ። ለአራተኛ ክፍል ተጨማሪ ሒሳብ ተመድቧል፤ ከስፖርት ተወስዶ ነው። የሁለተኛ «ሀ» ሙዚቃ አልተሰረዘም። ከሦስት ሰዓት ተነሥቶ ከአራት ሰዓቱ የዕረፍት ደወል በፊት ወዳለው ክፍለ ጊዜ ተዛውሯል። «የዝውውሩ ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ አቶ ተሰማ በእጃቸው አንድ ቃል ጽፈዋል፦

«ለማንኛውም።»