የአቶ አካለ ወልድ ብስኩትና የምላስ ወረርሽኝ

ሌላው መሥሪያ ቤት በእቅድ አፈጻጸም ይመሰገን ይሆናል። በሞጣ ከተማ የሚገኝ፣ ስሙን ለክብሩ ስንል የማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ግን የታወቀው በብስኩት ነው። ብስኩቱን የሚጋግሩትም ሌላ ማንም ሳይሆኑ ኃላፊው አቶ አካለ ወልድ ራሳቸው ነበሩ፤ እሁድ እሁድ፣ በገዛ ማድቤታቸው፣ በገዛ እጃቸው።

ሰውየው ለማድቤት ዕቃቸው ያላቸው ፍቅር ያስቀናል። የወይራ ሊጥ መዳመጫቸውን ዘይት ቀብተው በነጠላ ጠቅልለው ያስቀምጣሉ። የኮከብና የልብ ቅርጽ ማውጫዎቹን በጥርስ ብሩሽ ያጥባሉ። ከባሕር ዳር ያስመጡትን ዲጂታል ሚዛን ከሳቸው በቀር ማንም አይነካውም። ቅቤና ስኳሩ ተመትቶ ነጣ ሲል፣ የቫኒላው ሽታ ቤቱን ሲሞላው፣ ግምገማ ላይ ታይቶ በማያውቅ ፈገግታ ይፈካሉ። አንድ ነገር ብቻ አያደርጉም፤ አይቀምሱም። ስኳር አለባቸው። መቅመስ ሙሉ በሙሉ ለሠራተኛው የተተወ ኃላፊነት ነው።

ብስኩቱ በጥንካሬው ወደር አልነበረውም። ሻይ ውስጥ ሲነከር ሻዩ ይቀዘቅዛል እንጂ እሱ አይለሰልስም። ረቡዕና ዓርብ ክርስቲያኑ ሠራተኛ «ቅቤ አለበት፣ ጾም ነው» ብሎ በሃይማኖቱ ይድናል። የእቅድ ባለሙያው ሽታሁንማ ካህናት እንኳ ሰምተውት የማያውቁትን ጾም ሁሉ መጾም ጀመረ። የሞጣ ነጋዴ ልጅ የሆነችው ጁማና ግን ከረመዳን በቀር ማምለጫ አልነበራትም። የዓርቡ ሳህን እንዳለ እሷ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል።

ጁማናም ትበላ ነበር፤ ምክንያት አላት። ባሏ አብዱልሐኪም ቢቸና ነርስ ነው። ከተጋቡ ወዲህ አብረው የኖሩት በስልክ ነው ቢባል ይቀላል። የዝውውር ጥያቄዋ አቶ አካለ ወልድ ፊት ተቀምጧል። ስለዚህ ጉንጯን በእጇ ደግፋ፣

«ወላሂ፣ አፍ ላይ ይቀልጣል!» ትላለች።

ይህ ምስጋና ፍሬ አፈራ። አቶ አካለ ወልድ ቢሯቸው አስጠርተዋት፣ «እንዲህ ያለ ምላስ ያላትን ባለሙያ ለቢቸና አሳልፌ ብሰጥ ታሪክ ይወቅሰኛል» አሉና ጥያቄዋን ውድቅ አደረጉ። ለማጽናኛም በልብ ቅርጽ ከተጋገሩት ትልልቅ ብስኩቶች አንዱን በሶፍት ጠቅልለው ሰጧት።

ማታ ለባሏ ደወለች።

«እውነቱን ንገሪያቸው» አላት አብዱልሐኪም።

«ቢያባርሩኝስ?»

«ካባረሩሽማ ትመጫለሽ።»

ጁማና ይህን ያህል የጠራ ምክር ከዞን ከመጣ አሠልጣኝ እንኳ ሰምታ አታውቅም።

ሰኞ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ሳህኑ ሲዞር ተነሣች። «አቶ አካለ ወልድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ብስኩቱ ጠንካራ ነው።»

«በጠንካራ ጎን ይመዝገብ» አሉ ኃላፊው ለቃለ ጉባኤ ያዡ።

«እንደሱ ማለቴ አይደለም። ጥርስ አያስገባም። ድንጋይ ነው።»

የአቶ አካለ ወልድ ፊት እናቱ እንደጠፋችበት ሕፃን ሆነ። ወደ ሽታሁን ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

ሽታሁን ጾም ባጣበት ቀን ያበጠ ጉንጩን በመሐረብ ሸፍኖ፣ «ለኔ እንኳን... ከገንፎ ይለሰልሳል» አለ።

በየተራ ተጠየቁ፤ በየተራ መሰከሩ። አንዱ «ጥጥ ነው» አለ፣ አንዷ «እንዲያውም መለስለሱ ትንሽ በዛ» ብላ ገንቢ ሂስ አቀረበች። አቶ አካለ ወልድ ተጽናኑ። ጁማናን ሲመለከቷት ዓይናቸው በርኅራኄ ተሞላ።

«ልጄ፣ ሐኪም አይቶሻል?»

ስብሰባው በጥልቀት ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ ወሰነ፦ የባለሙያዋ የመቅመስ አቅም ክፉኛ ስለተዳከመ፣ አየር እንድትለውጥና ዘመድ እንዲያስታምማት በአስቸኳይ ወደ ቢቸና ትዛወር። ጁማና አንገቷን ደፋች። የዋሆቹ ማዘኗ መሰላቸው፤ ቀና ብትል ግን ሳቋ ያመልጣት ነበር።

በጉዞዋ ቀን ሽታሁን ሻንጣዋን እስከ መናኸሪያ ተሸከመላት። ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል በመስኮት አንገቱን አስገብቶ በሹክሹክታ፣

«በናትሽ፣ ይኼ በሽታ እንዴት ነው የሚጀምረው?» አላት።

«አንድ ቀን ደፍሮ እውነት በመናገር» አለችው።

ቢቸና ገብታ፣ ከአብዱልሐኪም ጋር ጓዟን ፈትታ ሳትጨርስ ከሞጣ ስልክ ተደወለ። ሽታሁን ነበር፤ ድምፁ እንደ ሙሽራ ደስ ብሎታል።

«እኔንም ያዘኝ! ደብረ ኤልያስ ደርሶኛል። ሒሳብ ሹሟ ትናንት ‹ድንጋይ› ብላ ወደቀች፤ ግንደወይን ትሄዳለች። ቃለ ጉባኤ ያዡም ዛሬ ጠዋት ምልክት አሳይቷል።»

«አቶ አካለ ወልድስ?»

«እሳቸው በጣም አዝነዋል። ከተማችን ውስጥ ምላስ የሚያደነዝዝ ወረርሽኝ ገብቷል ብለው ለዞኑ አመለከቱ። ዞኑም አላሳፈራቸውም፤ የሐኪሞች ቡድን ልኮላቸዋል፣ ነገ ይገባሉ።»

እውነትም በማግሥቱ የሐኪሞቹ ቡድን ሞጣ ገባ። አቶ አካለ ወልድ ግን እንግዳ ጾሙን የሚያሳድሩ ሰው አይደሉም፤ ሲነጋጋ ተነሥተው ኦቨኑን አሙቀው ጠበቋቸው።